የሃሎዊን ድግስ በቤት፦ የትኛውን አደጋ እንፍራ?

ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ደውላ «ዘንድሮ ልጆቹን ከረሜላ ለቀማ አልሰድም፣ መርዝ አለበት ይባላል፤ ሃሎዊንን እቤት ልደግስላቸው ነው» አለችኝ። ሃሎዊን አሜሪካኖች ኦክቶበር 31 ማታ የሚያከብሩት ነው። ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው በየቤቱ ይዞራሉ፤ የእኛን ቡሄ ያስታውሳል፣ በሙልሙል ፋንታ ከረሜላ።

«ይባላል» የምትለዋ ቃል ግን የጋዜጠኝነት ተማሪን ትቆረቁራለች። ጆኤል ቤስት የተባሉ የሶሺዮሎጂ ምሁር ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡ ዜናዎችን መርምረው፣ የማያውቀው ሰው በሰጠው የሃሎዊን ከረሜላ ተመርዞ መሞቱ የተረጋገጠ ልጅ አላገኙም። በ1974 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ በሳያናይድ የሞተውን የ8 ዓመት ልጅ እንኳ የገደለው የገዛ አባቱ ነው፣ ለኢንሹራንስ ገንዘብ ብሎ።

ታዲያ እቤት መደገሱ ከንቱ ነው? አይደለም። በዚያች ማታ መኪና የሚገጫቸው እግረኞች ስለሚበዙ እቤት መሆኑ ከዚህ ያድናል። እቤት ደግሞ እሳት አለ። ሆዱ የተፈለፈለ ዱባ ውስጥ ሻማ ይበራል፣ ልጆቹ ረጅም ካባ እየጎተቱ በአጠገቡ ይሯሯጣሉ። ስለዚህ በሻማው ፋንታ በባትሪ የሚሠራ መብራት አድርጊ፣ ካባውን አሳጥሪው፣ ዐይን ከሚጋርድ ጭምብል የፊት ቀለም ይሻላል፣ ዱባውንም አዋቂ ይፈልፍለው አልኳት። ከመርዙ ይልቅ ለውዝ ያሳስበኛል፤ የማይስማማው ልጅ ካለ የእንግዶቹን እናቶች ቀድሞ መጠየቅ ነው። ለጨዋታ ዶናት በክር አንጠልጥሎ እጅ ሳያስነኩ ማስበላት ይበቃል፣ ሳቁ አይጣል ነው።

«ሻማው ከሌለ ምኑ ያስፈራል?» አለችኝ።

የደረጃውን ብቻ ተይና ሌላውን መብራት አጥፊው አልኳት።