ብስክሌት ለማጓጓዝ ያገለገለ ፒክአፕና የጭነት መሸፈኛ ስለ መምረጥ

ብስክሌት የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉን የሚያገኘው ዕቃውን በርካሽ ገዝቶ በደኅና ዋጋ ስለ ሸጠ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ከመጋዘን እስከ ሱቅ ድረስ ሳይጎዳ ሲደርስለትም ነው። ቀለሙ የተፋቀ፣ ቸርኬው የተጣመመ ወይም ሰንሰለቱ አቧራ የጠጣ ብስክሌት አዲስ ሆኖ ሳለ በአሮጌ ዋጋ ይሸጣል። ባሕር ዳርንና ሐዋሳን በመሳሰሉ ሕዝቡ በብስክሌት መሄድን በለመደባቸው ከተሞች የሚነግዱ ባለ ሱቆች ዕቃቸውን ከአዲስ አበባ በራሳቸው መኪና ለማመላለስ ሲያስቡ፣ የሚስማማቸውን መኪናና መሸፈኛ አስቀድመው ቢያጠኑ ይጠቀማሉ። ይህም ጽሑፍ ለዚሁ ጉዳይ እንዲረዳ የቀረበ ነው።

ጥናቱ በአሁኑ ጊዜ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ከፍ የሚል ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። እንግዲህ በናፍጣ የሚሠራ ያገለገለ ፒክአፕ የሚፈልግ ነጋዴ ዓይኑን የሚጥለው በአገር ውስጥ ብዙ ዘመን ሲሠራ በቆየ መኪና ላይ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ዋጋው እንደ አዲስ፣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለ ምርመራ የተደረገ ግዢ የሱቁን መነሻ ገንዘብ ያናጋል።

ምክራችን በአጭሩ ይህ ነው፤ አስቀድሞ ጭነቱን መለካት፣ ቀጥሎ መሸፈኛውን መወሰን፣ መኪናውን መፈለግ በመጨረሻ። ብዙ ሰው ግን ይህን ተራ ገልብጦ በመኪናው መልክ ተማርኮ ይገዛና ጭነቱ አልገባ ሲለው ያዝናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው።

1ኛ. ጭነቱን ስለ መለካት

ብስክሌት ክብደቱ ቀላል፣ ቦታው ግን ብዙ የሆነ ዕቃ ነው። አንድ የዐዋቂ ሰው ብስክሌት ከ12 እስከ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ርዝመቱ ከ1.70 እስከ 1.80 ሜትር፣ ከፍታውም እስከ መሪው ድረስ 1 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ሻጩ «ይህ መኪና አንድ ቶን ይጭናል» ብሎ ቢያሞግስ፣ ለብስክሌት ነጋዴ ዋናውን ነገር አልነገረውም። መጠየቅ ያለበት የጭነቱ ሳጥን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ነው።

በገበያችን የሚታዩት እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ አይሱዙ ዲማክስና ሚትሱቢሺ ኤል 200 ያሉት ፒክአፖች ነጠላ ጋቢናና ደብል ጋቢና እየተባሉ ይጠራሉ። የደብል ጋቢና ሳጥን ርዝመቱ 1.50 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የነጠላ ጋቢና እስከ 2.30 ሜትር ይደርሳል። የሁለቱም ስፋት ወደ 1.50 ሜትር ይጠጋል፤ ነገር ግን ጎማዎቹን የሚያቅፉት እብጠቶች ከግራና ከቀኝ ገብተው በመካከላቸው 1.10 ሜትር ያህል ብቻ ይተዋሉ። የጎኑ ከፍታ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። እነዚህ ልኮች እንደ መኪናው ሞዴል ከፍና ዝቅ ስለሚሉ፣ ገዢው ሜትር ይዞ ሄዶ ራሱ ይለካ።

በካርቶን የታሸገ ብስክሌት ለምሳሌ ርዝመቱ 1.40 ሜትር፣ ከፍታው 75 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በደብል ጋቢና ሳጥን ውስጥ ካርቶኖቹ በቁመታቸው ወደ ፊት ተደርድረው ቢቆሙ፣ በእብጠቶቹ መካከል 5 ይገባሉ። በነጠላ ጋቢና ግን ከጋቢናው ጀርባ 4 ካርቶኖችን በአግድም ካቆምን በኋላ፣ በቀረው 1.50 ሜትር ላይ ሌሎች 5 እናቆማለን፤ ድምሩ 9 ነው። አንዱ ካርቶን 18 ኪሎ ቢመዝን 9ኙ 162 ኪሎ ይሆናሉ፤ ይህም ከአንድ ቶን አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። ሁለቱ መኪናዎች ባንድ መንገድ እኩል ናፍጣ ቢጠጡ፣ የአንዱ ባለቤት ወጪውን ለ5፣ የሌላው ለ9 ያካፍላል ማለት ነው። ሆኖም ቤተሰቡንም በዚያው መኪና የሚያጓጉዝ ነጋዴ ደብል ጋቢናን ቢመርጥ አይነቀፍም፤ የሚከፍለውን ዋጋ ግን አውቆ ይምረጥ።

ተገጣጥሞ ያለቀ ብስክሌት የሚጭን ሰው የፊቱን ጎማ ቢያወልቅ፣ ብስክሌቱ በ1.50 ሜትር ሳጥን ውስጥም ይቆማል። ፔዳሉን ፈትቶ መሪውን ማዞር ደግሞ ቦታ ይቆጥባል። የግራው ፔዳል ጥርስ ከሌሎች ብሎኖች በተቃራኒ የሚዞር ስለሆነ፣ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር መሆኑን ሠራተኛው ይወቅ። ብስክሌቶቹም የአንዱ ፊት በሌላው ኋላ አንጻር ሆኖ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ካርቶን ወይም ብርድ ልብስ ይግባ። ቀለምን የሚፍቀው ከውጭ የሚመጣ ነገር ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱ ብስክሌት ነውና።

2ኛ. መሸፈኛውን ስለ መወሰን

መሸፈኛ በሦስት ዓይነት ይከፈላል። የመጀመሪያው በሳጥኑ አፍ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚዘጋ ክዳን ነው። መልኩ ያማረ ነው፤ ጠንካራው ዓይነት በቁልፍም ይቆለፋል። ነገር ግን 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ካርቶንም ሆነ የቆመ ብስክሌት ከ50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በላይ ስለሚሆን አይዘጋበትም። ብስክሌት በጎኑ አስተኝቶና አነባብሮ መጫን ደግሞ ቸርኬና ማርሽ ያጣምማል። ስለዚህ ይህ ክዳን ለመለዋወጫ ዕቃ እንጂ ለብስክሌት አይመረጥም።

ሁለተኛው ከፋይበር ወይም ከላሜራ የተሠራ፣ እንደ ጋቢናው ከፍ ያለ ቤት ነው። ከዝናብ፣ ከፀሐይና ከሌባ ይጠብቃል፤ በመንገድ ላይ ማደር ላለበት ነጋዴም ይስማማል። ይሁን እንጂ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ለአንድ ሞዴል የተሠራው ለሌላው አይገጥምም። አሮጌ ቤት ለብቻው የሚገዛ ሰው የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ሳያመሳክር ገንዘብ አይክፈል።

ሦስተኛው በብረት ቅስት ላይ የሚወጠር ሸራ ነው። ከፍታውን እንደ ጭነቱ ማሠራት ስለሚቻልና በማናቸውም የብረታ ብረት ሥራ ቤት ስለሚበየድ፣ ለመካከለኛ ነጋዴ ተስማሚው ይህ ነው። ቅስቱ ከሳጥኑ ወለል 1.10 ሜትር ያህል ከፍ ቢል ለቆመ ብስክሌት ይበቃል። የጥጥ ሸራ አየር ያሳልፋል፤ ሲርስ ግን ይከብዳል። ፕላስቲክ የተቀባው ሸራ ውሃ አያሳልፍም፤ ነገር ግን እርጥበት ውስጥ ካገኘ አፍኖ ስለሚይዝ ጭነቱ ደርቆ መግባት አለበት። በሁለቱም ገመድ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በናስ ቀለበት የተጠናከሩ ይሁኑ፤ ሸራ መቀደድ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ሸራ በቢላዋ ስለሚቀደድም ሌሊት ያለ ጠባቂ ማሳደር አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። መኪና ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ስለሚሳሳ፣ ጎማው ያነሣው አቧራ ተስቦ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ጣራው ምንም ያህል ቢጠብቅ የኋላው ስፖንዳ ክፍተት ካለው፣ አቧራው ገብቶ በቅባት ሰንሰለትና በኩሽኔታ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በስፖንዳው ዙሪያ ጎማ ማስለበጥ፣ ሸራውንም ከስፖንዳው በታች ድረስ አውርዶ ማሰር ያስፈልጋል። ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

3ኛ. መኪናውን ስለ መመርመር

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን አይተው ዕድሜዋን ይገምቱ፣ ኮርቻዋንም አስወርደው ጀርባዋን ይመለከቱ ነበር። በመኪናም ላይ እንደዚሁ ነው። በሳጥኑ ውስጥ የተነጠፈው ፕላስቲክ ይነሣና የወለሉ ላሜራ ይታይ፤ የጎበጠ ወይም በስቱኮ የተለሰነ ከሆነ፣ መኪናው ከዐቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል ማለት ነው። ከዚያም ከሥሩ ተገብቶ ሻንሲው ይመርመር። ተበይዶ የተቀጠለ ወይም የተጣመመ ሻንሲ ያለው መኪና በምንም ዋጋ ቢሸጥ ርካሽ አይባልም። ባሌስትራውም አንደኛው ጎን ከሌላው ዝቅ ያለ እንዳይሆን ይታይ።

ሞተሩ ሲመረመር ቀዝቅዞ እንዲቆይ ለሻጩ አስቀድሞ ይነገረው፤ የሞቀ ሞተር ብዙ ሕመም ይደብቃል። ሲነሣ የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚቃጠል፣ ወፍራም ጥቁር ጭስ ናፍጣው በደንብ እንደማይቃጠል ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ጥቂት ቢያሳይና የፔዳሎቹ ጎማ ግን አልቆ ብረቱ ቢታይ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ፔዳሉ ይታመን። በጎማው ጎን ላይ ከታተሙት 4 አሃዞች የመጀመሪያዎቹ 2 የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ 2 ዓመቱን ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ፍሬንና ራዲያተር በተለይ ይታሰብባቸው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚሄድ ነጋዴ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ከመጓዙም በላይ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬኑን፣ ዳገቱ ራዲያተሩን ይፈትናል። ስለዚህ መኪናው በሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ ይነዳ፤ ገዢው የሚያምነው መካኒክም አብሮ ይሂድ።

4ኛ. ስለ ሰነዶቹ

መኪናው ጤነኛ ሆኖ ወረቀቱ የታመመ ሊሆን ይችላል። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር በዓይን ይመሳከር። መኪናው በባንክ መያዣነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታገደ አለመሆኑ ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ይጠየቅ። ፒክአፕ በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነፃ ሊገባ ስለሚችል፣ የጉምሩኩ ሰነድ ታይቶ ቀረጡ የተከፈለ መሆኑ ይረጋገጥ። ሻጩ ባለቤቱ ካልሆነና በውክልና ከሸጠ፣ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥና ያልተሻረ መሆኑ ይታይ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። በብዙ የሽያጭ ውል ላይ ግን «አይቼና ወድጄ ተረክቤአለሁ» የሚል ቃል ይሰፍራል። የደብዳቤና የውል ሥራ በእጃችን የሚያልፍ ጸሐፊዎች እንደምናውቀው፣ ይህን ቃል ሳያነብ የሚፈርም ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ሻጩ በአፍ የሰጠው ተስፋ ሁሉ ወደ ውሉ ይግባ፤ ያልተጻፈ ተስፋ በክርክር ጊዜ ምስክር ፍለጋ ያስወጣል። ቀብድ የሚከፈለውም ከምርመራው በኋላ ይሁን።

በመጨረሻ፣ ነጋዴው ብዕርና ወረቀት ይዞ አንድ ስሌት ይሥራ። የናፍጣውን፣ የሾፌሩን፣ የመድኑን፣ የጎማውንና የጥገናውን የዓመት ወጪ፣ መኪናው በየዓመቱ ከሚቀንሰው ዋጋ ጋር ደምሮ በዓመት ለሚያጓጉዘው የብስክሌት ቁጥር ያካፍል። የተገኘው ቁጥር ለተከራየው የጭነት መኪና በአንድ ብስክሌት ከሚከፍለው ካነሰ ይግዛ፤ ከበለጠ ግን ገንዘቡን በዕቃ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። ብዙ ጊዜ የማይመላለስ ባለ ሱቅ መኪና ባይኖረው ክብሩ አይቀንስም፤ ዕዳ ባይኖርበት ግን ሱቁ ይሰነብታል።