የመመረቂያ ጥናት ምኑን ይመዝናል?

እኔ ገና የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጥናት ለመሥራት ጊዜ አለኝ። ይሁን እንጂ ምረቃ ሲቃረብ ታላላቆቻችን ከአማካሪ ቢሮ ወደ ኮምፒውተር ቤት፣ ከዚያም ወደ ጥረዛ ሲሯሯጡ ሳይ አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ለመሆኑ የሚመዘነው ተማሪው ነው ወይስ ጥራዙ?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅበታል። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው። ምርጫ የተማረውን ማስታወሱንና ማገናዘቡን ይለካል እንጂ ጥያቄ ማንሳት መቻሉን አይለካም፤ ጥያቄው ተሠርቶ ነዋ የሚቀርብለት! የመመረቂያ ጥናት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ አንድ ተማሪ በአሞራ ገደል ያሉ ዓሣ አጥማጆች ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ብክለት ከየትኛው መገናኛ ብዙኃን መረጃ እንደሚያገኙ ላጥና ብሎ ተነሳ እንበል። መጠይቁን በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል፣ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ አጥማጁ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ በሲዳምኛ ማስረዳት ሊኖርበት ነው። «ብክለት» የምትለው ቃል ብቻዋን ግማሽ ቀን ልትፈጅበት ትችላለች። ጠዋት ጀልባ ሲገባ ሁሉም ገበያው ላይ ስለሆነ መጠይቅ የሚሞላለት የለም፤ ከሰዓት ይመለሳል። እንግዲህ ትምህርቱ ይኼ ነው። ለፈታኞቹ የሚደርሰው ግን ምዕራፍ 3 ላይ ያለች «መጠይቅ ተበትኗል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ውጤቱ በመጨረሻው ወረቀትና በጥቂት ደቂቃ ማብራሪያ ላይ ሲንጠለጠል ከቆየ ጥናት ላይ መገልበጥ ያዋጣል። ዛሬ ደግሞ የንድፈ ሐሳቡን ክፍል ቻት ጂፒቲ በደቂቃ ይጽፈዋል። በቡድን ሲሠራማ አንዱ ለፍቶ ሌሎቹ ስማቸውን ሽፋኑ ላይ ያገኙታል።

በእኔ እምነት ከነጥቡ ጥሩ ድርሻ ለመስክ ማስታወሻ፣ ለተሞሉት መጠይቆችና አማካሪው ላረማቸው ረቂቆች መሰጠት አለበት። «ብዙ ተማሪ የያዘ አማካሪ ይህን ሁሉ መቼ ያነባል?» የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ግን ሁሉንም ማንበብ አያስፈልገውም። ደብተሩን እንደመጣለት ይክፈትና የቡድኑን አባላት ለየብቻ ይጠይቃቸው፦ «ይህን ሰው የት አገኘኸው? ይህን መልስ ለምን ሰረዝከው?» ሐይቁ ዳር ያልሄደ ተማሪ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚለው አይኖረውም።