ድምፅ የሚሮጥበት፣ ሙቀት የሚያዘግምበት ብርጭቆ

ድምፅ በጠጣር አካል ውስጥ ለምን ይፈጥናል ተብሎ ሲጠየቅ፣ «እፍግታው ከፍተኛ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ በየክፍሉ ይሰማል። እኛ እጩ መምህራን ይህን መልስ ይዘን ተማሪ ፊት ባንቆም ይሻላል። እርሳስ (የመጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ማለታችን ነው) በእኩል ይዘት ከብርጭቆ አራት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። ሆኖም ድምፅ በእርሳስ ውስጥ በሴኮንድ 2,000 ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ በብርጭቆ ውስጥ 5,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በአየር ውስጥማ 340 ሜትር ብቻ ነው። ክብደት እንዲያውም ያዘገያል፤ የሚያፈጥነው ግትርነት፣ ማለትም አካሉ ሲጨመቅ እምቢ ማለቱ ነው።

በብርጭቆ ውስጥ እያንዳንዱ የሲሊከን አቶም ከአራት የኦክሲጅን አቶሞች ጋር በጠንካራ ማሰሪያ ተያይዟል። አንዱ ሲገፋ ጎረቤቱም ወዲያው ይገፋል። አቶሞቹ በቦታቸው ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንጂ አይጓዙም፤ የሚጓዘው ንዝረቱ ነው። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፦ አንዱ ጆሮውን በመስኮት መስተዋት ላይ ይለጥፍ፣ ሌላው በወዲያኛው ጫፍ በጥፍሩ ቀስ ብሎ ይጫር።

ሙቀትስ? ሙቀትም እኮ የእነዚሁ አቶሞች ንዝረት ነው! ታዲያ የፈላ ሻይ የተቀዳበት ወፍራም ብርጭቆ ለምን ይሰነጠቃል? ውስጡ ግሎ ሲለጠጥ ውጪው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። የሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ብርጭቆ ድምፅ ከአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ሲያልፈው፣ ሙቀት ግን ሴኮንዶች ይፈጅበታል።

ምስጢሩ ያለው በሞገዱ ርዝመት ነው። በሴኮንድ 1,000 ጊዜ የሚነዝር ድምፅ በብርጭቆ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 5 ሜትር ተኩል ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ረጅም ሞገድ የአቶሞቹ አደራደር መዛነፍ ከቁጥር አይገባም። የሙቀት ንዝረት ግን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ቢሊዮን ጊዜ ነው፤ አብዛኛው ሞገዱም ከጥቂት አቶሞች ርቀት አይበልጥም። የብርጭቆ አቶሞች እንደ ኳርትዝ ክርስታል በሥርዓት ስላልተሰለፉ አጭሩ ሞገድ በየእርምጃው ይበተናል። ፊዚሲስቱ ቻርልስ ኪተል በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የብርጭቆን ሙቀት አስተላላፊነት ያብራራው በዚሁ መንገድ ነበር፦ ንዝረቱ ሳይበተን የሚሄደው ርቀት ከአቶሞቹ መዋቅር ስፋት ብዙም አይርቅም። ኳርትዝ ሙቀትን ከብርጭቆ በበርካታ እጥፍ የተሻለ የሚያስተላልፈውም ለዚህ ነው።

ሻይ ከመቅዳት በፊት ማንኪያ ብርጭቆው ውስጥ መክተት የቆየ የቤት ዘዴ ነው፤ ብረቱ ከሙቀቱ ከፊሉን ቶሎ ይወስዳል። የቤተ ሙከራ ብርጭቆዎች ስስ ተደርገው የሚሠሩትም በከፊል ውስጡና ውጪው በቶሎ እኩል እንዲሞቁ ነው።