አቃቂና ቃሊቲ፤ የመዲናይቱ የደቡብ በር

አንድ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ሲተምን የገዛበትን ገንዘብ፣ የመርከቡን ኪራይና የጉምሩኩን ቀረጥ በጥንቃቄ ይደምራል። ዕቃው መዲናይቱ ዳርቻ ከደረሰ በኋላ እስከ መጋዘን የሚቀረውን አጭር መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ይህ አጭር መንገድ በትርፍና በኪሳራ መካከል ምን ያህል እንደሚወስን ለመረዳት፣ በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኙትን የአቃቂንና የቃሊቲን ሰፈሮች አቀማመጥ መመርመር ይጠቅማል።

የመሬቱ አቀማመጥ

አዲስ አበባ በስተ ሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ተራራ የተከለለች ናት። ከዚያ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች ትወርድና በአቃቂ አካባቢ ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ምድሩም ሜዳ ነው። የከተማይቱ ወንዞች በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተሰብስበው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈሳሉ። ከጂቡቲ የሚነሣው ጭነትም በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል ሽቅብ ወጥቶ በዚሁ ሜዳ ይገባል። ስለዚህ አቃቂ የከተማይቱ የጭነት በር የሆነው በአጋጣሚ ሳይሆን በተፈጥሮ አቀማመጡ ነው።

ሜዳው ለፋብሪካና ለመጋዘን ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ነገር ግን አፈሩ በአብዛኛው ጥቁር መረሬ ስለ ሆነ በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ወይም አስፋልት ያልተነጠፈበት የመጋዘን መግቢያ በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ካሚዮን አያስገባም። ስለዚህ መጋዘን የሚከራይ ሰው ግቢውን በበጋ ብቻ አይቶ ባይዋዋል ይሻለዋል።

የምድር ባቡር

የቀድሞው የምድር ባቡር ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበረ፤ አቃቂም ከጣቢያዎቹ አንዱ ነበረች። ያ ባቡር እስከ ለገሃር ድረስ ይገባ ስለ ነበር ነጋዴው ዕቃውን የሚረከበው በከተማው መካከል ነበረ።

በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው አዲሱ ባቡር ግን በሌላ መስመር ተዘረጋ። በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ ከሰበታ እስከ ጂቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የከተማውን መካከል ትቶ በደቡብ ዳርቻ ያልፋል። የጭነት ጣቢያው እንዶዴም ከአቃቂ ወጣ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ በባቡር የመጣ ዕቃ ሁሉ የመጨረሻውን ጕዞ በመኪና መፈጸም ግድ ይሆንበታል።

የመኪና መንገድ

አሮጌው የቢሾፍቱ መንገድ አቃቂንና ቃሊቲን አቋርጦ ወደ ከተማው ይገባል፤ ቀለበት መንገዱም ቃሊቲ ላይ ይገናኘዋል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው ባለ ስድስት መስመር የአዳማ ፈጣን መንገድ ደግሞ ከቱሉ ዲምቱ ይነሣል፤ ተጠቃሚው ክፍያ ይከፍልበታል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋ መስመር አለው፤ ይኸውም ሰው እንጂ ጭነት አያመላልስም።

ለነጋዴው የሚሰጠው ትምህርት

ፋብሪካው በአቃቂ የሆነ አስመጪ ዕቃውን ከእንዶዴ በአጭር ጕዞ ይረከባል፤ የባቡሩም ርካሽነት ለእርሱ ይተርፈዋል። ሱቁ በመርካቶ የሆነው ግን ለማራገፊያ፣ ለካሚዮን ኪራይና እንደገና ለማውረጃ ይከፍላል፤ የከተማው ደንብ ለከባድ መኪና የወሰነውንም ሰዓት መጠበቅ አለበት። ሁለቱ ለባቡሩ እኩል ከፍለው ሳለ ዕቃቸው በተለያየ ዋጋ መጋዘን ይገባል።

ላኪውም የሚያስበው ነገር አለ። ከሐዋሳ የሚመጣው መንገድ ከጂቡቲው መንገድ ጋራ የሚገናኘው ሞጆ ላይ ነው። ከደቡብ የመጣ ቡና ለማበጠርና ለማከማቸት አቃቂ ድረስ ቢወጣ፣ ወደ ጂቡቲ ሲሄድ ተመልሶ ያንኑ 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይወርዳል። ይህ ምልልስ የሚገባው በአቃቂ የሚገኘው አገልግሎት ወጪውን የሚክስ ሲሆን ብቻ ነው።

እንግዲህ አስመጪው ዕቃ ከማዘዙ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያጣራ ይበጀዋል፤ አንደኛ፣ በማጓጓዣው ሰነድ ላይ የመጨረሻ መድረሻ ተብሎ የተጻፈው ቦታ ሞጆ ነው ወይስ ቃሊቲ፤ ሁለተኛ፣ ከዚያ እስከ መጋዘኑ ዕቃው ስንት ጊዜ ወርዶ ስንት ጊዜ ይጫናል፤ ሦስተኛ፣ ካሚዮኑ ወደ ሰፈሩ ሊገባ የሚፈቀድለት በስንት ሰዓት ነው። የእነዚህን ወጪ ከመርከቡ ኪራይ ጋራ አብሮ የደመረ ነጋዴ የመሸጫ ዋጋውን ሳይሳሳት ይቈርጣል።