የአሲድና የቤዝ ቋሚ ቁጥሮች ዝምድና

ባለፈው መንፈቅ ዓመት በኬሚስትሪ ፈተና አንድ ጥያቄ ስቼ አምስት ነጥብ አጣሁ። ስሕተቱ የራሴ ነው፤ ነገር ግን ከክፍላችን ብዙዎቹ እንደ እኔው ስለ ሳቱ፣ ለሌሎች ተማሪዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት አሰብሁ። ወላጆችም እንዲያነቡት በአማርኛ ጻፍሁት፤ አማርኛ ያጣሁላቸውን ቃላት ግን በክፍል እንደምንጠራቸው ትቻቸዋለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ይል ነበር፤ የአሴቲክ አሲድ የአሲድነት ቋሚ ቁጥር 1.8 × 10⁻⁵፣ የአሞኒያም የቤዝነት ቋሚ ቁጥር 1.8 × 10⁻⁵ ነው፤ የአሴታት የቤዝነት ቋሚ ቁጥር ስንት ነው? እኔም «የአሲዱና የቤዙ ቋሚዎች ሲባዙ የውሃን ቋሚ ይሰጣሉ» የሚለውን በቃሌ አጥንቼ ስለ ነበር የተሰጡኝን ሁለት ቁጥሮች አባዛሁ። 3.24 × 10⁻¹⁰ ወጣልኝ። መጽሐፉ የሚለው 10⁻¹⁴ ነውና ግራ ገባኝ፤ ሰዓቱም አለቀ፤ «አሲዱ ደካማ ስለ ሆነ አሴታት ብርቱ ቤዝ ነው» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

አሴቲክ አሲድ ማለት አቼቶን የሚያኮመጥጠው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. በዴንማርክ ብሮንስቴድ፣ በእንግሊዝ አገር ላውሪ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፣ አሲድ ፕሮቶን የሚሰጥ፣ ቤዝ የሚቀበል ነው አሉ። እንግዲህ አሴቲክ አሲድ ፕሮቶኑን ሰጥቶ የሚቀረው አሴታት፣ ያንኑ መልሶ መቀበል ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ጥንድ ናቸው። በአንድ ሊትር ውሃ 0.1 ሞል አሴቲክ አሲድ ቢኖር፣ ከ1000 ቅንጣቶች ፕሮቶናቸውን የሚሰጡት 13 ያህሉ ብቻ ናቸው።

የአሲዱ ቋሚ ማለት የሃይድሮኒየም መጠን በአሴታት መጠን ተባዝቶ፣ ለአሴቲክ አሲድ መጠን ሲካፈል ነው። የአሴታት ቋሚ ደግሞ የአሴቲክ አሲድ መጠን በሃይድሮክሳይድ መጠን ተባዝቶ፣ ለአሴታት መጠን ሲካፈል ነው። ሁለቱን ስናባዛ አሴታት ከላይም ከታችም ስላለ ይጠፋፋል፤ አሴቲክ አሲድም እንዲሁ። የሚቀረው ሃይድሮኒየም በሃይድሮክሳይድ ተባዝቶ ነው፤ ይኸውም ራሱ የውሃ ቋሚ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.0 × 10⁻¹⁴። (በ60 ዲግሪ ግን ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል፤ ስለዚህ ሙቀቱን ሳይናገሩ ቁጥሩን መጥራት ጎደሎ ነው።)

እንግዲህ አሞኒያ በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም! እርሱን ብናስገባ የሚጠፋፋ ነገር አይገኝም፤ የአሞኒያ ጥንድ አሞኒየም ነውና። ቁጥራቸው ስለ ተመሳሰለ ብቻ ባዕዳኑን ዘመድ አደረግኋቸው። ትክክለኛው መልስ 10⁻¹⁴ ለ1.8 × 10⁻⁵ ተካፍሎ 5.6 × 10⁻¹⁰ ነው።

ይህ ቁጥር ሁለተኛውንም ስሕተቴን ያሳያል። «የደካማ አሲድ ጥንድ ብርቱ ነው» የሚለው አባባል በክፍላችን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አሴታት ከአሞኒያ እንኳ 32,000 ጊዜ ያህል ይደክማል። ብርቱ የሚባለው ከክሎራይድ ጋር ሲወዳደር ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፕሮቶኑን ሁሉንም ያህል ስለሚሰጥ፣ ክሎራይድ መልሶ የመቀበል ዐቅም የለውም፤ የገበታ ጨው የሟሟበት ውሃ ወደ ቤዝ የማያዘነብለው ስለዚህ ነው። በሊትር 0.1 ሞል ሶዲየም አሴታት ያለበት ውሃ ግን ፒ ኤቹ 8.9 ያህል ይሆናል። አሲዱ በደከመ መጠን ጥንዱ ይበረታል ማለት፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደካሞች ሊሆኑ አይችሉም ማለት አይደለም።

የሁለቱ ቁጥሮች መመሳሰልም ቢሆን ከንቱ አልነበረም። አሞኒየም እንደ አሲድ 5.6 × 10⁻¹⁰፣ አሴታትም እንደ ቤዝ 5.6 × 10⁻¹⁰ ስለ ሆኑ፣ አሞኒየም አሴታት የሟሟበት ውሃ ፒ ኤቹ 7 አካባቢ ይቆማል። ከፈተናው በኋላ በቤተ ሙከራ አስፈቅጄ ቀዩንም ሰማያዊውንም የሊትመስ ወረቀት ነከርሁበት፤ ሁለቱም እንደ ነበሩ ቀሩ።