ለዕለት ጽሕፈት የሚሆን የኪስ ብዕር አመራረጥ



«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ለእኛ ለተማሪዎች ምሳሌ ብቻ ሳይሆን የዕለት ኑሮ ነው። መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ተማሪ በማይዳረስበት ክፍል፣ መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጻፈውን በደብተሩ ያላሰፈረ ተማሪ ለጥናት የሚይዘው ነገር የለውም። በእኛ ቤት ደግሞ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ደብተሮቼ አልተጣሉም፤ ታናሽ እኅቴ ተራዋ ሲደርስ እየወረሰች ታጠናባቸዋለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እርሷ እንዳትቸገር ብዬ በኅዳጉ ላይ የአማርኛ ትርጓሜውን በደቃቅ ፊደል እጽፍላታለሁ። እንግዲህ የምጽፈው ለራሴ ብቻ አይደለምና ጽሕፈቴ ለሌላ ሰው ዓይንም ግልጥ መሆን ይገባዋል።

በዚህ ዓመት እናቴ ከዕቁብ ገንዘቧ ቀንሳ «ለመጨረሻው ዓመት ትምህርትህ የሚረዳህን አንድ ዕቃ ግዛበት» ብላ ሰጠችኝ። እኔም ቀለም የሚሞላ ብዕር፣ ማለት ፋውንቴን ፔን፣ ለመግዛት ቈረጥሁ። ገንዘቡ ሁለተኛ የሚገኝ ስላልሆነ ከመግዛቴ በፊት ሁለት ወር ያህል ስለ ብዕር አነበብሁ፤ ብዕር ያላቸውንም ሰዎች እያስፈቀድሁ በእጄ ሞከርሁ። ያገኘሁት ዕውቀት ለሌሎችም ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት በአጭሩ ከፋፍዬ አቀርበዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የብዕር ታሪክ በአጭሩ

ብርዕ የሚለው የግዕዝ ቃል መቃ ወይም ሸምበቆ ማለት ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን መቃውን ቀርጸው፣ ጫፉን ሰንጥቀው፣ ከጥላሸት በሚዘጋጅ ጥቁር ቀለም እየነከሩ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ቅዱሳት ስሞችን ደግሞ በቀይ ቀለም ይለያሉ። የዚህ ብዕር አድካሚነቱ ጥቂት ቃል በተጻፈ ቍጥር ወደ ቀለሙ ዕቃ መመለስ ማስፈለጉ ነው።

ቀለሙን በሆዱ ይዞ የሚሄድ ብዕር ለመሥራት በየአገሩ ብዙዎች ደክመዋል። ፔትራኬ ፖኤናሩ የተባለ በፓሪስ ይማር የነበረ ሮማኒያዊ በ1827 ከፈረንሳይ መንግሥት የፈጠራ መብት አገኘ። በ1884 ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን ቀለም በሚወርድበት መጠን አየር ወደ ውስጥ የሚገባባቸውን ቀጫጭን ቦዮች የያዘ ብዕር ሠርቶ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ በ1938 የሀንጋሪው ተወላጅ ላዝሎ ቢሮ ጫፉ ላይ ኳስ ላለበት ብዕር የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1950ም ቢክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ርካሹን እስክሪብቶ ለገበያ አቀረበ። ባለቀለሙ ብዕር ከብዙ ሰው ኪስ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

፪. አሠራሩ

የኩራዝ ክር ጋዙን ከሥር ወደ ላይ ስቦ እንደሚያወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ፈሳሽ ነገር በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ራሱን እየሳበ ይጓዛልና ነው። የብዕሩም ቀለም ኒብ በሚባለው የብረት ጫፍ ስንጥቅ ውስጥ በዚሁ ኃይል ተስቦ ወረቀቱን ሲነካ ይፈስሳል። ስለዚህ ብዕሩን መጫን አያስፈልግም፤ ወረቀቱን ማስነካት ብቻ ይበቃል። የእስክሪብቶ ቀለም ግን ወፍራም ስለሆነ ኳሱ እንዲሽከረከር ጣታችን ይጫናል። ሦስት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ ሲጻፍ መኻል ጣትን የሚያመው ከዚህ የተነሣ ነው። እስክሪብቶ መጫን የለመደ እጅ ግን በባለቀለም ብዕር ላይም ቢጫን ኒቡ ተከፍቶ ይበላሻልና፣ አዲስ ገዢ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጁን ማለዘብ ይኖርበታል።

፫. መጠኑና ክዳኑ

ተማሪ ብዕሩን የሚይዘው በኪሱ ነው፤ ከአውቶቡስ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ሜዳ ይዞት ይሮጣል። ስለዚህ ሲዘጋ አጭር፣ ሲጻፍበት ግን ለእጅ የሚበቃ መሆን አለበት። ይህን ሁለት ጠባይ አንድ ላይ ካዋሐዱት መካከል ካዌኮ ስፖርት የሚባለው የጀርመን ብዕር ይገኛል። ሲዘጋ 10.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይሰወራል፤ ክዳኑ ከኋላው ሲሰካበት ግን ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ከፕላስቲክ የተሠራው ክብደቱ 10 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ክዳኑ በጥምዘዛ የሚዘጋ ብዕር በኪስ ውስጥ በቀላሉ አይከፈትም፤ ነገር ግን መምህሩ በቃል ሲያጽፉ መፍታትና መግጠም ጊዜ ይፈጃል። ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ የጃፓኑ ፓይለት ኩባንያ በ1963 ክዳን የሌለው፣ ኒቡ ገብቶ የሚወጣ ብዕር አወጣ። እርሱም ያማረ ነው፤ ሆኖም በእጄ ይዤ የጻፍሁበት በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው ዓይነት 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 30 ግራም ያህል ክብደት ያለው ሲሆን፣ ዋጋውም ለተማሪ የሚቻል አይደለም።

፬. ኒቡና ፊደላችን

ከሁሉ ይልቅ ላስብበት የተገደድሁት ነገር ይህ ነው። ኒብ በስፋቱ ቀጭን፣ መካከለኛና ሰፊ ተብሎ ይከፈላል። በሱቅ ውስጥ በባዶ ወረቀት ላይ በትልቁ ሲሞከር ሰፊው ኒብ ይበልጥ ደስ ያሰኛል፤ እጅን ያንሸራትታልና። ይሁን እንጂ የእኛ ፊደል የሚለየው በደቃቅ ምልክት ነው። ሣልሱ በእግሩ ላይ አጭር ሰረዝ ሲኖረው ኃምሱ ትንሽ ቀለበት አለው። ኒቡ ሰፊ ከሆነ ቀለሙ ቀለበቷን ይደፍናትና ኃምሱ ሣልስ ይመስላል፤ «ቤቴ» የተባለው «ቤቲ» ተብሎ ይነበባል። በባዮሎጂ ደብተሬ ኅዳግ ላይ «ሴል» ብዬ በመካከለኛ ኒብ ጻፍሁና ለእኅቴ አሳየኋት፤ ያለ ማመንታት «ሲል» ብላ አነበበችው። በቀጭኑ ኒብ በዚያው መጠን የጻፍሁትን ግን በትክክል አነበበች። ቃሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያቃናው ይሆናል፤ ትምህርቱን ገና የምትጀምር ልጅ ግን በምን ታቃናዋለች?

የጃፓን ቀጭን ኒብ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፓ ቀጭን ኒብ ይቀጥናል። ጃፓኖችም በጠባብ ቦታ ብዙ ጭረት ያለው ፊደል ይጽፋሉና እንደ እኛ ቀጭን መስመር ያስፈልጋቸዋል።

ኒቡ የወርቅ ወይም የማይዝግ ብረት ሊሆን ይችላል። ወርቁ በቀለም አይበላም፤ ዋጋው ግን ብዙ ነው። በሁለቱም ጫፍ ላይ ወረቀቱን የሚነካው ነጥብ እንደ ኢሪዲየም፣ ኦስሚየምና ሩቴኒየም ካሉ ጠንካራ ማዕድናት የተቀመመ ስለሆነ፣ በሚገባ የተሠራ የብረት ኒብም ለተማሪ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

፭. ቀለምና ወረቀት

ርካሽ ደብተር ቀለም ይጠጣል፤ መስመሩ ዳር ዳሩን ይበተንና ወደ ገጹ ጀርባ ይወጣል። ቀጭን ኒብ ጥቂት ቀለም ስለሚያፈስ ይህንንም ችግር ይቀንሳል። ስለዚህ ብዕር ልትሞክሩ ስትሄዱ የራሳችሁን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ የሱቁ ወረቀት የእናንተ ደብተር አይደለምና።

ለብዕር የሚሆነው ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም ብቻ ነው። የማኅተም ቀለምና ከጥላሸት የሚሠራው የብራና ቀለም ለየራሳቸው ሥራ መልካም ቢሆኑም በብዕሩ ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ደርቀው ይዘጉታል። ተራው ሰማያዊ ቀለም በውሃ እንደሚለቅም አትርሱ፤ በክረምት ዝናብ የሚጓዝ ደብተር በፕላስቲክ መጠቅለል አለበት።

ትንሹ ብዕር ቀለሙን የሚይዘው ካርትሪጅ በሚባል አጭር የፕላስቲክ ቀፎ ነው፤ ይህም አንድ ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ካርትሪጁ ሲያልቅ አይጣልም፤ አጥቦ ከጠርሙስ ቀለም በስሪንጅ መሙላት ይቻላል። ይህም ወጪውን እጅግ ያቃልላል። ብዕሩንም በወር አንድ ጊዜ ያህል በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ ለረጅም ዕረፍት ሲቀመጥም ቀለሙን ማስወጣት ያስፈልጋል።

፮. ስለ ተራራና ስለ ሸለቆ

አገራችን ተራራማ ስለሆነች የፊዚክስ ትምህርታችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ወደ ከፍታ ስንወጣ የውጭው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በብዕሩ ሆድ ውስጥ የቀረው አየርም እየተስፋፋ ቀለሙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ከአባይ ሸለቆ ሥር ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ መንገደኛ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይወጣልና፣ ግማሽ የጎደለ ብዕር በኪሱ ቢይዝ ሸሚዙ ሊበላሽ ይችላል። መጠበቂያው ቀላል ነው፤ ብዕሩን ሙሉ ወይም ባዶ አድርጎ፣ ጫፉን ወደ ላይ አቁሞ መያዝ ነው። ትንሽ ማጠራቀሚያ ያለው ብዕር የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ ጉዳቱም ጥቂት ነው።

፯. ማጠቃለያ

ይህን ሁሉ ካመዛዘንሁ በኋላ ቀጭን የብረት ኒብ ያለውን አጭሩን ብዕር መረጥሁና በዘመድ በኩል አስመጣሁ። እነሆ የዓመቱን ትምህርት የጻፍሁት በእርሱ ነው። ነገር ግን ሁሉ ይህን ይግዛ ማለቴ አይደለም። በካርቦን ወረቀት ቅጂ ለሚያወጣ ሰው ተጭኖ የሚጻፍበት እስክሪብቶ ይሻለዋል፤ በግራ እጁ ለሚጽፍም ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ብዕር ስትመርጡ አራት ጥያቄ ጠይቁ። በኪሴ ይመቻልን? እጄን ያሳርፋልን? የደብተሬን ወረቀት ይስማማልን? ፊደሌስ ሳይደፈን ይነበባልን? ሦስቱን በራሳችሁ ልትመልሱ ትችላላችሁ። አራተኛውን ግን ደብተራችሁን ከዚህ በፊት ላላየ ሰው ሰጥታችሁ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ በማድረግ ፈትኑት። አንባቢው ሳይደነቃቀፍ ከጨረሰ፣ ወርቅ ቢሆን ብረት፣ ውድ ቢሆን ርካሽ፣ ያ ብዕር ለእናንተ የሚገባ ብዕር ነው።