ኢንዱስትሪ ተሰባስቧል የምንለው መቼ ነው?

የከፍተኛ ቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪዎች በአንድ አካባቢ መሰባሰባቸውን ለመለካት በክፍል ውስጥ መጀመሪያ የምንማረው ሎኬሽን ኮሸንት የሚባለውን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በአካባቢው ከ100 ሠራተኞች 10ሩ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን 5ቱ ብቻ በዘርፉ ቢሠሩ፣ 10 ለ5 ተካፍሎ 2 ይሆናል። ከ1 ከበለጠ ዘርፉ እዚያ ከአገሩ አማካይ በላይ ተከማችቷል ማለት ነው።

ችግሩ ይሄ 2 የሚባለው ቁጥር ሠራተኞቹ በ50 ድርጅት ይሁኑ በአንድ አይነግረንም። የአሜሪካዋን ሮቸስተር እንውሰድ። በ1982 እ.ኤ.አ. ኮዳክ ብቻውን እዚያ ከ60 ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሩት። በፎቶግራፍ ዕቃዎች ዘርፍ ብናሰላው ውጤቱ ሰማይ ይነካል። ግን ይሄ መሰባሰብ ነው እንዴ? በሲሊከን ቫሊ መሐንዲስ አንዱን ድርጅት ቢለቅ ቤት ሳይቀይር ሌላው ጋ ይቀጠራል። ሮቸስተር ውስጥ ፊልም ሠሪ ከኮዳክ ወጥቶ የት ይሄዳል? በ2012 ኮዳክ ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ከለላ ሲጠይቅ የከተማዋ ሠራተኞቹ ከ10 ሺህ በታች ወርደው ነበር።

ኤሊሰንና ግሌዘር በ1997 ያወጡት መለኪያ፣ ፋብሪካዎቹ ትልልቅ በመሆናቸው ብቻ የሚታየውን ክምችት ይቀንሳል። ነገር ግን የእያንዳንዱን ፋብሪካ መጠን ማወቅ ይጠይቃል፤ ደግሞም የሚለካው ዘርፉን በመላ አገሪቱ እንጂ አንዷን ከተማ ለብቻ አይደለም። ለአንድ ከተማ ከሆነ ከኮሸንቱ ጎን የድርጅቶቹን ብዛትና የትልቁን ድርጅት ድርሻ መጻፍ ይቻላል።